አሮስቶን በከንፈር የሚለካው ሰው

የእህቴን ባል ሆቴሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም «ወስፌ» ይሉት ነበር። ወጥ ቤት በሠራበት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከደረት ኪሱ የማትለይ አንዲት ቀጭን የብረት ወስፌ ነበረችው። እኔ በዚያው ሆቴል ዕቃ ቤት ሥጋ እየመዘንኩ አስረክበው ነበር፤ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

የእሑድ ምሳ አሮስቶ ነው። አራት ኪሎ የበሬ ሙዳ ሳይቆራረጥ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ወስፌ ሰዓት አያይም። የሥጋው ገጽ ቡናማ መሆን ሲጀምር ብረቷን እስከ መሃሉ ይሰካታል፣ እስከ አሥር ይቆጥራል፣ ከዚያ መዝዞ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ያሳርፋታል። ቀዝቃዛ ከሆነች «ገና» ይላል። ለብ ካለች ያወጣዋል። ካወጣው በኋላም ጨርቅ አልብሶ ሃያ ደቂቃ ሰው አያስነካም።

እሑድ ማታ ቤቱ ሲገባ እህቴ ጫማውን እስኪያወልቅ እንኳ አትጠብቀውም።

«ዛሬስ ከንፈርህ ምን አለህ?»

«ለብ።»

ይኸው ነበር ጨዋታቸው።

እህቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች። ወስፌ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገባ። አላለቀሰም። ሰው ሲያጽናናው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ድምፁ ዕቃ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ድምፅ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ብረቷን ከንፈሩ ላይ አሳረፋት። ምንም አልተሰማውም። «ገና ነው» አለና ሥጋውን መለሰው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደገመ። አሁንም ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ሾርባ ሠሪው ጭልፋውን እንደያዘ ቀረብ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከንፈርህ ውሃ ቋጥሯል እኮ! አያምህም?»

«አያመኝም።»

«እንግዲያው ጋራዥ ውሰደው።»

ሥጋው ሲቆረጥ ውስጡ ዐመድ መስሎ ነበር። ሳህኖቹ እንደሞሉ ተመለሱ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ፤ ሐኪሙ አገላብጦ አየውና ከቁስሉ በቀር ምንም አላገኘበትም።

አስተዳዳሪያችን የሆቴሉ ባለቤት ልጅ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የሥጋ ቴርሞሜትር ገዝታለት ነበር፤ እሱ መሳቢያ ውስጥ አስተኝቶታል። አሁን ራሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲህ ከሆነ ምድጃውን ሾርባ ሠሪው ይረከባል፣ እርስዎ ወደ አትክልቱ ጠረጴዛ ይዛወራሉ። ስልሳ ዲግሪ ሲል ማውጣት ነው፤ በቃ።»

«እሺ ልጄ» አለ።

እሑድ ደረሰ። ቴርሞሜትሩን ሥጋው መሃል ሰካና ቁጥሩን ቆሞ አየ። ሃምሳ አራት ሲል ሥጋውን አወጣው።

«ሃምሳ አራት!» አለ ሾርባ ሠሪው። «ስድስት ይቀረዋል እኮ! በሉ፣ ምድጃዋን በዛሬው ቀን ተረክቤያለሁ።»

አስተዳዳሪዋ ሰምታ መጣች። «ጋሼ፣ ስልሳ ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለሽኛል። የገዛሽልኝ ሰሞን ሞክሬዋለሁ፤ እሳት ውስጥ ስልሳ ከደረሰ ጠረጴዛ ላይ ስልሳ ስድስት ይሆንብሻል።»

«እሳት ሳይኖር?»

«ላዩ የያዘው ሙቀት ወደ ውስጥ መግባቱን አይተውም። ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይደርሳል።»

ቴርሞሜትሩን ሳይነቅል ጨርቁን አለበሰው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። እኛም ከበን ቆምን። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ሰባት። እዚያ ላይ ቁጥሩ ቆመ። አስተናጋጇ አንገቷን በበሩ አስገባች።

«ኧረ በናታችሁ፣ ሰዎቹ የጠረጴዛ ልብሱን ሊበሉት ነው!»

ማንም አልሳቀላትም። ሃምሳ ስምንት አለ። ሃምሳ ዘጠኝ። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ስልሳ ሆነ።

ሲቆረጥ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ነበር፤ ጭማቂው አልፈሰሰም። ሳህኖቹ ባዶ ሆነው ተመለሱ። ሾርባ ሠሪው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳው። አስተዳዳሪዋ አንድ ቁራጭ በሹካ አቀረበችለት።

«ምድጃው የእርስዎ ነው። ይቅመሱት እንጂ!»

ቀስ ብሎ አኘከና ዋጠ።

«እንዴት ነው?»

«ሰዎቹ ከበሉት ጥሩ ነው።»

ከዚያ ወስፌዋን አጠበ፣ አደረቀ፣ መሳቢያውን ከፍቶ ቴርሞሜትሩ ሦስት ዓመት በተኛበት ቦታ አስተኛት።

አመሻሹ ላይ እስከ ቤቱ ሸኘሁት። በሩን ከፍቶ ገባና ጫማውን እንዳደረገ ክፍሉ መሃል ቆመ። የሚጠይቀው አልነበረም። እኔ ደፍ ላይ ቀረሁ።

«ዛሬ ከንፈሬ ምንም አላለኝም» አለ፣ ወደ እህቴ ወንበር ዞሮ።

ከዚያ ጫማውን አወለቀ።