ከሹሙ ጋር ሐምበሪቾ ላይ

ለሽርሽር ብሎ ጫካ ገብቶ የሚያድር ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ዳግመኛም አያሳየኝ። እኛ አገር ጫካ የሚያድረው መንገድ የመሸበት፣ ከብት የጠፋበት ወይም ሰው ገድሎ የሸፈተ ነው። የመምህራን ዝውውር በእጁ የነበረው ሹማችን ግን ፈረንጆች በፈረስ ተራራ ወጥተው ድንኳን ውስጥ ያድራሉ ሲባል ሰማና፣ መስቀል አልፎ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ "ሐምበሪቾ ጫካ ወጥተን አየር እንለውጣለን" አለ። ሆሳዕና ላይ አየር የጠፋ ይመስል!

የተከተሉት ሁሉ ጉዳይ ያለባቸው ነበሩ። አንዱ ዕድገት ይፈልጋል፤ ሌላው ለወንድሙ ሥራ ይለምናል። እኔ የምፈልገው ዝውውር ነበር። የማስተምረው ጊምቢቹ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ሆሳዕና ታስተምራለች። ክረምቱ አልቆ ስለያቸው ትድኽ የነበረች ልጄ ተነስታ መቆሟን የሰማሁት ከገበያተኛ ነው። የገዛ ልጄን ወሬ ከገበያተኛ መስማቴ አንገበገበኝ። ማመልከቻ አስገባሁ፤ "ደጅ ጥና" አሉኝ። ደጅ የሚጠናው በእግር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ በፈረስም አለ። የአባቴን ፈረስ ለሹሙ አቀረብኩና እኔ በተዋስኳት በቅሎ ተከተልኩ።

ሹሙ ፈረስ ግልቢያን ከአያቱ እንደወረሰ እስከ አንጋጫ ድረስ ሲተርክልን ሄደ። ትረካው ግሩም ነበር። አቀማመጡ ግን እንደ እህል ጆንያ ነው፤ አቀበት ላይ ጋማ ይጨብጣል፣ ቁልቁለት ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። ፈረሱ እምቢ ብሎ ቆሞ ሣር ሲነጭ "እያሳረፍኩት ነው" ይለናል። አጃቢዎቹ "እውነትም የፈረስ ጌታ!" ይላሉ። እኔም አልኩ። ለልጄ ስል ነው ያልኩት፤ ቢሆንም አፌ መረረኝ።

ድንኳኑን "እዚህ ጋ እይታው ያምራል" ብሎ ጎርፍ መውረጃ ላይ አስተከለው። ከዚያ በግ አሳረደ። ጥብሱ ደርሶ እጃችንን ስንታጠብ አንዱ አጃቢ ቀኑ ዓርብ መሆኑን አስታወሰ። እነሱ የፍስክ ነገር ወደ አፋቸው ሊያቀርቡ አይችሉም፤ እኔ የሚሲዮን አማኝ ነኝ፣ ዓርብ አልጾምም። "አንተማ ብላ፣ ሃይማኖትህ ቀሎልሃል" አለኝ ሹሙ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ። በላሁ። ዓይኑን ከእያንዳንዷ ጉርሻዬ ላይ አላነሳም። ሌሊት ዝናቡ ወርዶ ጎርፉ ድንኳኑ ውስጥ ገባና ጠዋት ሁላችንም እርጥብ ሆነን ቁልቁለቱን ተያያዝነው።

በዚያ ሰሞን አዲስ ገዥ ይመጣል እየተባለ ይወራ ነበር። ከጫካው ሳንወጣ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ፣ ጉሙን ቀዶ አንድ ትልቅ ጃንጥላ ብቅ አለ። ጃንጥላውን እግረኛ ይዞታል፤ ከሥሩ ጥቁር ካባ የደረበ ሰው ባጌጠ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ብዙ ሰው ይከተለዋል።

"እሳቸው ናቸው! ውረዱ!" አለ ሹሙ።

ታላቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያጋጥም ታናሹ ከተቀመጠበት ወርዶ እጅ መንሳት አለበት። ሹሙ ለመውረድ ሲቸኩል እግሩ እርካብ ውስጥ ተያዘና ጭቃው ላይ ተዘረጋ። እንደምንም ተነስቶ መሬት ሊነካ አጎነበሰ። ባለ ካባው ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ እሱም ወረደና የባሰ አጎነበሰ። ሹሙ በእንግዳው ትሕትና ተሸብሮ ተንበረከከ። እንግዳውም ተንበረከከ። እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ከቦኖሻ እስከ ጊምቢቹ ገበያ እየዞረ የሚሸጥ ቅቤ ነጋዴ ነው። ካባውን ከየት እንደተዋሰው ብቻ አላውቅም።

ሹሙ ጭቃው ውስጥ እንዳለ "ክቡር ሆይ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት በሰላም ስለገቡልን…" እያለ ንግግሩን ጀመረ። ነጋዴው አማርኛ ብዙም አይሰማም። ቀና ሲል እኔን አየኝና በሀዲይኛ፣ "መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነዋል? ቅቤ ፈልገው ከሆነ ዛሬ አልያዝኩም፤ የእህቴን ልጅ ልድር እየሄድኩ ነው" አለኝ።

"ምን አሉ? ተርጉምልኝ እንጂ!" አለ ሹሙ።

"እግዜር ይስጥልኝ ብለዋል" ማለት እችል ነበር። ዝውውሬ በዚያች ቃል እንደሚያልቅልኝም አላጣሁትም። ግን ትናንት "የፈረስ ጌታ" ሲል የዋለ አፌ ሌላ ውሸት እምቢ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስም ብሎኛል። "ጌታዬ፣ ቅቤ ፈልጋችሁ ከሆነ ዛሬ አልያዝኩም፣ ሠርግ እየሄድኩ ነው ይላሉ" አልኩ፣ ምንም ሳልቀንስ።

መጀመሪያ የሳቀው ዕድገት ፈላጊው ነው፤ አምልጦት ነው መሰለኝ አፉን በነጠላው ያዘ። ነጋዴው ግን በደግነት ሹሙን ደግፎ አነሳው፣ ጭቃውን በእጁ ጠረገለት፣ ሠርጉም ላይ እንዲገኝ ጋበዘው። ይህንንም ተረጎምኩ።

ዝውውሬ ሳይውል ሳያድር መጣ። ከጊምቢቹም ወዲያ፣ ቁልቁል ወደ ኦሞ ቆላ፣ በቅሎ እንኳ ተለምና ወደምትወርድበት አገር ወረወረኝ። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ቆላው ገበያ ደርሶ ነበር። የሰማ ሁሉ "አበጀህ!" አለኝ። እኔም ያን ጭቃ የጠጣ የሹሙን ሱሪ ባስታወስኩ ቁጥር ለብቻዬ እየሳቅሁ ቆላውን ቻልኩት።

አንድ የበዓል ሰሞን ፈቃድ አግኝቼ ሆሳዕና ወጣሁ። ልጄ አፍ ፈትታ፣ ግቢው ውስጥ ትሯሯጣለች። እጄን ብዘረጋላት ወደ ኋላ ሸሽታ የእናቷን ቀሚስ ያዘች፤ ጥቂት አየችኝና፣

"እማዬ፣ እንግዳው መቼ ነው የሚሄደው?" አለች።

ባለቤቴ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ነገ ጠዋት" አለቻት።