አጥሩ ሥር የቀረችው ፒክአፕ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ብሩሽ ይለዋል። ቤት ቀቢ ነው። ባለቤቱም አብራው ትሠራ ነበር፤ እሱ ሰፊውን ግድግዳ በሮለር ሲያዳርስ፣ እሷ የመስኮቱንና የበሩን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ትቀባለች። እጇ ዝንፍ አይልም። መሰላሉንና የቀለም ቆርቆሮውን ሰማያዊዋ ፒክአፕ ላይ ጭነው ጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። መንገዱን ሙሉ የሚያወራው እሱ ነው። እሷ "እህ" ትላለች፣ ወይ ትስቃለች፤ ደክሟት ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ትተኛለች።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ እንደዚያው ተኛች። እሱ ደንበኛቸውን እያማ ነበር፤ ሰውዬው የሳሎኑን ቀለም ደጋግሞ ካስቀየራቸው በኋላ "የመጀመሪያው ይሻል ነበር" ብሏቸዋል።

"ግድግዳውን ትቶ ዓይኑን ቢታይ ይሻለው ነበር" አለና ብቻውን ሳቀ። ግቢ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ።

"በይ ደርሰናል፣ ውረጂ።"

አልወረደችም።

ሐኪሙ "ልቧ ነው፤ ብትፈጥንም አትደርስላትም ነበር" አለው።

በለቅሶው ላይ እንባ አልወጣውም። ዘመዶቹ "ጠንካራ ነው" አሉ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ፣ ውስጡ ደንዝዞ ነበር። ብላ ሲሉት በላ፣ ተኛ ሲሉት ተኛ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መሰላሉን ግን በትከሻው ተሸክሞ። ፒክአፗን ዳግመኛ አልነካትም።

እሷም አጥሩ ሥር ቀረች። ዝናብ መታት፣ ፀሐይ ጠበሳት። መጀመሪያ ጎማዎቿ ተነፈሱ፤ ቀጥሎ የኮፈኗ ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ እየተላጠ ወደቀ። የጋቢናዋ መስኮት በከፊል ክፍት ስለነበር ወንበሩ ውኃ ጠጥቶ ሣር አበቀለ። የጎረቤት ድመት የዕቃ መጫኛዋ ላይ ወለደች።

"ጋሽ ብሩሽ፣ የሰው ቤት እያሳመርክ በዚህች ምስኪን ምነው ጨከንክ? አንድ ቆርቆሮ ቀለም ጣል አድርግባት እንጂ!" ይለዋል ጎረቤቱ።

"እሺ" ይላል። ነገሩ በእሺ ይቀራል።

ዓመታት አለፉ። አግብታ የወጣችው ልጁ መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "አባዬ፣ ሕፃን በሚድህበት ግቢ ይሄ ዝገት አይሆንም። አሮጌ ብረት የሚገዙ ሰዎች ይውሰዷት?" አለችው። ይቆጣኛል ብላ ፈርታ ነበር።

"ይውሰዷት" አለ።

ሰዎቹ ጎታች መኪና ይዘው መጡ። የጋቢናው በር በዝገት ስለተጣበቀ በብረት ፈለቀቁት። ከወንበሩ ሥር ቀለም የነካው የእናትየው ሽርጥ ወጣ፤ ደርቆ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሏል። ልጅቱ ደረቷ ላይ ለጥፋው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሱ አጠገቧ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቃት። እሱም አንድ ነገር ይመጣብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልመጣም።

ፒክአፗ እየተንቋቋች ከግቢው ስትወጣ፣ "የት ጋ እንደሆነ አላውቅም" አለ ድንገት።

"ምኑ፣ አባዬ?"

"እናትሽ ያረፈችበት። ድልድዩ ጋ ይሁን፣ ዳገቱ ላይ ይሁን፣ አላውቅም። እኔ አወራ ነበር። ግቢ እስክንገባ ድረስ አወራኋት።"

ልጅቱ ሽርጡን እንዳቀፈች፣ "ድምፅህን እየሰማች ነው የተኛችው" አለችው።

"ይሆናል" አለ፣ ዛሬ ይዘንባል ወይ ብለው እንደጠየቁት ሰው። ይህን ለሰው ሲናገር ግን የመጀመሪያው ነበር። መጥረጊያ አመጣና መሬት ላይ የረገፈውን ዝገት መጥረግ ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተወለደች። ነርሷ ሕፃኗን ስታሳቅፈው፣ እስከ አፉ የሞላ ባልዲ እንደያዘ ሰው፣ ጠብ እንዳትል ፈርቶ ክንዱን ገትሮ ያዛት።

"ደስ አለህ፣ አባዬ?" አለችው ልጁ ከአልጋዋ።

ሕፃኗን አየት አደረጋት።

"እንጃ" አለ። "ግን ትሞቃለች።"