ላሚኔት ያስደረግኩት ደብዳቤ

እኔ ወረቀት የምወድ ሰው ነኝ፤ በተለይ ማኅተም ያለበትን። ለንደን ውስጥ ክሮይደን ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ስንት ጊዜ ተመላልሼ የመኖሪያ ፈቃዴን ደብዳቤ የተቀበልኩ ዕለት፣ ቤቴ እንኳ ሳልገባ ሃርልስደን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ላሚኔት አስደርጌዋለሁ። ሻይ ቢፈስበት፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ምንም አይሆንም። የማውቃቸው ያገሬ ልጆች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው፤ የጋብቻ ወረቀት በሉት የክትባት ካርድ፣ ያገኘነውን ሁሉ ፕላስቲክ እናለብሳለን።

ባተርሲ ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ሴትዮ ዘጠና ያለፋቸው አይሁዳዊት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስጠራቸው ያኮርፋሉ። ልጅ ሳሉ፣ አገራቸው ውስጥ አይሁድ ሲሳደዱ፣ ወላጆቻቸው ለብቻቸው በባቡር አሳፍረው ወደ እንግሊዝ ላኳቸው። ወላጆቹ እዚያው ቀሩ፤ ተገደሉ። የተረፈው አንድ ካርቶን ወረቀት ነው። ጥቂት ፎቶዎች፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ ከጦርነቱ በኋላ ወላጆቻቸውን ሲያፈላልጉ "ያሉበት አልታወቀም" እያሉ የመጡላቸው መልሶች፣ ደግሞም እናታቸው በእርሳስ የጻፉላቸው የመጨረሻ ደብዳቤ።

እማማ ካርቶኑን እንዲህ ያሉ የቤተሰብ ወረቀቶችን ለሚያስቀምጥ ቤተ መዛግብት ሊሰጡ ወሰኑ። አንዲት ባለሙያ ሐሙስ መጥታ ልትወስደው ቀጠሮ ተያዘ። ማክሰኞ ወረቀቶቹን ሳደራጅ ያ የእናታቸው ደብዳቤ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሶ አየሁ። አንጀቴን በላኝ። እማማ ተኝተው ነበር። ላስደስታቸው ብዬ ሳልጠይቃቸው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ረቡዕ ጠዋት እያብለጨለጨ ይዤው መጣሁ።

የእማማ ዓይን ደክሟል። ደብዳቤውን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ እንደገና ዳሰሱት።

"ምንድነው ይሄ?"

"የእናትዎ ደብዳቤ ነው፣ እማማ። ላሚኔት አስደረግኩልዎት። ከእንግዲህ አይቀደድም።"

ፕላስቲኩን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ከዚያ "እናቴ ስትጽፍ እርሳሱን በጣም ትጫነው ነበር" አሉኝ፣ ምንም ሳይቆጡ። "ማየት ካቃተኝ ጀምሮ የማነበው በጣቴ ነበር።"

ያን ቀን ቤቱን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። የሰው እናት እጅ የነካውን ነገር በገዛ እጄ ደፍጥጬ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ እየሳቅሁ መምጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐሙስ ባለሙያዋ መጣች። ደብዳቤውን ስታይ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

"ፕላስቲኩ ይላጣል አይደል?" አልኳት።

"ብናነሳው ወረቀቱም አብሮ ይነሳል" አለችኝ፣ በጣም በትህትና። ጮኻ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። የምትናገረው ለልጆች መሆኑን የረሳች አስተማሪ ይመስል ስለ ሙቀትና ስለ ሙጫ ማብራራት ስትጀምር እማማ አቋረጧት።

"ልጄን ተያት። ጽሑፉ አልጠፋም። ሌላውን ሁሉ ውሰጂ፤ ይሄ እኔ እስካለሁ ድረስ እዚህ ይቆያል።"

ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ሴትየዋ ካርቶኑን ይዛ ከሄደች በኋላ እማማ ጠሩኝ። "ነይ ተቀመጪ። ጣቴን ከወሰድሽብኝ ዓይንሽን ታበድሪኛለሽ።"

ደብዳቤው በጀርመንኛ ነው፤ እኔ አንድ ቃል አላውቅም። እሳቸው ደብዳቤውን በቃላቸው ይሉታል፣ እኔ መስመሩን እየተከተልኩ እደግመዋለሁ፣ ትርጉሙን ይነግሩኛል፣ ባነባበቤም ይስቁብኛል። ትልቅ ነገር የተጻፈበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ እኛ ደህና ነን፤ የሱፍ ካልሲሽን አድርጊ፤ ያስጠጉሽን ሰዎች ታዘዢ። ፀጉርሽን አታስቆርጪ፣ ስንገናኝ እኔ እጎነጉንልሻለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ፀጉራቸውን አየሁ። ወገባቸው የሚደርሰውን ያን ነጭ ፀጉር በየጠዋቱ የምጎነጉነው እኔ ነኝ። ለማጠብ ስለሚያስቸግረኝ ስንት ጊዜ "እማማ፣ ትንሽ እናሳጥረው" ብያቸዋለሁ!

"ቀጥይ እንጂ" አሉኝ።

አፍንጫዬን ጠርጌ፣ እንባዬ ሳይቀድመኝ ልጨርሰው ብዬ ቶሎ ቶሎ ማንበብ ጀመርኩ። እማማ እጄን ያዙኝ።

"ቀስ ብለሽ" አሉ። "እናቴ ችኩል አልነበረችም።"