ሆዮ ሩቂያ የወደቁበት ቀን

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ ጅጅጋ ሄጄ ንስሐ ልገባ ካህን ፊት ተንበርክኬ ነበር። ጾም መግደፌን ተናገርኩ፤ በሰው መቅናቴን ተናገርኩ። ወደዚህኛው ስደርስ አቆምኩ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባቴ» ብዬ ተነሣሁ። ያን ያስቀረሁትን ነው አሁን ለእናንተ የምናገረው። ፊታችሁን ስለማላየው ይሆን የደፈርኩት?

ዘነበች እባላለሁ። ልጅ ሆኜ ጅጅጋ ውስጥ ከሐርጌሳ በጦርነት ተሰደው የመጡ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጠርኩ። አገራቸው ሰላም ሆነ ተብሎ ሲመለሱ አብሬያቸው ሄድኩ። አሕመድ ዳጋህ የሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር የሚገኘው ቤታቸው ጣራው ተዘርፎ ስለነበር ግማሹን ቆርቆሮ ግማሹን ሸራ አለበስነው። ባለቤቱ ጋሼ ኢስማኢል የጭነት ፒክአፕ ነበረው። ሚስቱ እትዬ ሳዳ ቁጡ ነበረች፤ ግን ልቧ ንጹሕ ነው። ከልጆቻቸው ሌላ የጋሼ ኢስማኢል እናት፣ ሩቂያ፣ አብረውን ነበሩ። እንደ ልጃቸው እኔም ሆዮ እላቸው ነበር፤ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ጨርቅ ነግደዋል፤ አማርኛቸው ይጣፍጣል። እኔን ዘይነብ ይሉኛል። አንድ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም አይታዘዝላቸውም፤ ያለ ምርኩዝ አይንቀሳቀሱም። ለሶላት ሲታጠቡ ውሃ የማፈስላቸው፣ ክንዳቸውን ይዤ የማስነሣቸው እኔ ነበርኩ።

ጦርነቱ እንደገና ተመልሶ መጣ። ሰው ፍራሹን እያሰረ ከከተማው ይወጣ ጀመር። የእኛም ቤት ዕቃ መኪና ላይ ተጫነ። ሆዮ ግን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አልሄድም አሉ።

«አንዴ ሸሽቼ ባሌን መንገድ ዳር ቀብሬያለሁ» አሉ። «አሁን የምቀብረው የለኝም። እኔው እዚሁ ልቀበር።»

ጋሼ ኢስማኢል በግድ ሊያነሣቸው ሞከረ፤ እጁን መቱት። ልጆቹ መኪናው ላይ ያለቅሳሉ። እትዬ ሳዳ «መጀመሪያ ልጆቹን ጅጅጋ እናድርስ፤ ከዚያ ተመልሰህ ትወስዳቸዋለህ» አለች። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «ዘነበች፣ እናቴን አደራ» አለኝ። እሺ አልኩ። አደራውን በዚህ አፌ ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች ሳስባቸው የኖርኳቸው አይመስለኝም፤ ያለምኳቸው ይመስለኛል። ፍየሎች በር በሌለው ሱቅ ገብተው በወዲያኛው ግድግዳ ቀዳዳ ይወጣሉ። ሰዎች ትተውት የሄዱት ልብስ ገመድ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ቀለሙን እየመጠጠችው በነፋስ ይወዛወዛል። ከአየር ማረፊያው በኩል የሚመጣው ድምፅ ሩቅ ጣራ ላይ ባዶ በርሜል የሚንከባለል ይመስል ነበር። ሆዮ ከቀን እንቅልፋቸው ሲባንኑ «ዘይነብ፣ ያለነው ድሬዳዋ ነው?» ይሉኛል። «አዎ ሆዮ» እላቸዋለሁ። ፈገግ ብለው ይተኛሉ። ያን ጊዜ እንዴት እወዳቸው እንደነበር ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን አምናለሁ?

ግርማ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር፤ ግንበኛ ነው። ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለቤቱ ጥሎት የሸሸ ጅምር ቤት ይጠብቃል። አንድ ጠዋት ውሃ ፍለጋ ወጥቼ እንደገና አገኘሁት። «ነገ የሚሄድ መኪና አግኝቻለሁ። ዛሬ ቀትር ላይ ብቅ በይና እንሰነባበት» አለኝ። እወደው ነበር። እሱ ይህን ያውቅ ይሆን አይሆን እኔ አላውቅም።

ሆዮ እኩለ ቀን ሲሆን ልጃቸው የመጣ እየመሰላቸው እስከ ውጭው በር ይሄዱ ነበር። እኔ ሳልኖር መንገድ ላይ ወጥተው ቢጠፉስ ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ምርኩዛቸውን ከአልጋቸው ራስጌ አንሥቼ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት። የክፍሉን በር ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፍኩት። ለእርሳቸው ደኅንነት ነው አልኩ። ለማን ነው ያልኩት? ማን ጠየቀኝ? ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃቸው ከክፍሉ ወዲያ ማዶ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። አይቼዋለሁ። ብድግ አድርጎ አልጋቸው አጠገብ ማስቀመጥ ምን ያህል ሥራ ነው? አይቼው ሄድኩ። እኔ አይቼው ሄድኩ።

ግርማ ለሲሚንቶ ማቡኪያ ያጠራቀመው ውሃ በበርሜል ተርፎት ነበር። «ይህን ለማን ልተወው? ጸጉርሽን ታጠቢበት» አለኝ። ጸጉሬ ውሃ ከነካው ቆይቶ ነበር። በጣሳ እየቀዳ አፈሰሰልኝ። ቀዝቃዛው ውሃ በአንገቴ ሲወርድ ጦርነቱም ቤቱም አሮጊቷም ከእኔ ላይ ታጥበው የሄዱ መሰለኝ። ከዚያ ጣውላ ላይ ጋደም ብዬ ፀሐዩን ሞቅኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። በእንቅልፌ ውስጥ ጎረቤት በሩን በኃይል የዘጋ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። የከባድ መሣሪያ ጥይት ነበር፤ እኛ ሰፈር አንድ ቤት ላይ ወድቋል። እኔ ግን ወደ ሌላ ጎኔ ተገላበጥኩ።

ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ቁልፉን ስከፍት ሆዮ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ወለሉ ላይ ወድቀዋል። አንድ እግራቸው አጥሮ፣ ተረከዙ ወደ ውስጥ፣ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረዋል። የውዱእ ውሃው ተደፍቶ ቀሚሳቸውን አርሶታል። አልጮኹም።

«ዘይነብ፣ የዙህር ሶላት አለፈኝ?» አሉኝ።

ጎንበስ ስል ገና በደንብ ያልደረቀው ጸጉሬ ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ጸጉሬን አዩት። ታዲያ እኔ ያን ጊዜ ምን አደረግኩ? አነሣኋቸው? አለቀስኩ? መጀመሪያ ያደረግኩት ወንበር ላይ ወጥቼ ምርኩዙን ማውረድና አጠገባቸው ማጋደም ነበር። ይዘውት የወደቁ እንዲመስል። በደህናው ዓይናቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከቱኝ።

ጋሼ ኢስማኢል እናቱን ሊወስድ ተመልሶ ሲመጣ «መሣሪያው ሲፈነዳ ደንግጠው ወደቁ» አልኩት። የተመታውን የጎረቤት ቤት በዓይኑ አይቶ ስለገባ አመነኝ። ግንባሩን ከግድግዳ ጋር አጋጨ። እናቱን ከነፍራሻቸው መኪናው ላይ አድርገን ወደ ጅጅጋ ጉዞ ጀመርን። መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው እጄን ይይዙ ነበር። የማንን እጅ ነው የሚይዙት?

ጅጅጋ ወጌሻውም ሐኪሙም አዩአቸው፤ የተሰበረው ዳሌ በዚያ ዕድሜ አልጠገን አለ። አንድ ቀን እያጠብኳቸው ብቻችንን ስንሆን እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ ነሽ። እኔ አልከስሽም። ኢስማኢል ግን ባላጠፋው ጥፋት እየነደደ ነው። ራስሽ ንገሪው።»

«እሺ ሆዮ» አልኩ። አልነገርኩትም። ዛሬ እያልኩ፣ ነገ እያልኩ እርሳቸው እየመነመኑ ሄዱ። ሊያልፉ ሲሉ ጠሩኝና በሚያቃትት ድምፅ «ነገርሽው?» አሉኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ይቅር አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፊታቸው በራ። በእኔ ውሸት ፊታቸው በርቶ ሞቱ።

ከቀብር በኋላ ጋሼ ኢስማኢል ወደ ማጀት መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። «እናቴንና አንቺን እሳት ውስጥ ጥዬ ሄድኩ። አፉ በይኝ ዘነበች» አለኝ። ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አፉ ብያለሁ» የሚል ነው። የበደልኩትን ሰው እኔ ይቅር አልኩት! ከዚህ በላይ ድፍረት አለ?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለራሴ ብቻ ተሸክሜው በኖርኩ። ጋሼ ኢስማኢል ጸጸቱን የሚጥልበት ቢያጣ ሚስቱ ላይ ጣለው። «አንቺ ባታስቸኩዪኝ እናቴን ይዤ እወጣ ነበር» ይላታል፤ ጠዋት ይላታል፣ ማታ ይላታል። እትዬ ሳዳ አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠችውም፤ እሷም እውነት መስሏት ነበርና። በመጨረሻ ፈታት። ልጆቹ በሁለት ቤት አደጉ።

ሰላም ሲወርድ ሁላችንም ወደ ሐርጌሳ ተመለስን። ግርማ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔም እዚህ አረጀሁ፤ አሁን እኔ ነኝ ግድግዳ እየተደገፍኩ የምሄደው። ጋሼ ኢስማኢል በየዒዱ ሩዝና ስኳር ይልክልኛል፤ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቅ ሥጋ ልኮ አያውቅም። ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «እናቴን ያልከዳች እሷ ብቻ ናት» ይላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

እትዬ ሳዳ ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር ትኖራለች። ሌላ ባል አላገባችም። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘችኝና እጄን ይዛ «እኔ ያን ቀን ባልቸኩል ኖሮ» አለች። አሁንም! ጸጉሯ ሸብቶ አሁንም!

ጦርነት ነበር አልልም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በሩን የቆለፈው ግን የእኔ እጅ ነው፣ የዋሸውም የእኔ አፍ ነው። ነገ ሼክ ኑር እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ እሷ ዘንድ፣ ከዚያ እሱ ዘንድ። ይቅር በዪኝ ብዬ እግሯ ላይ አልወድቅም። ከወደቅኩ ታነሣኛለች፤ ጠባይዋን አውቀዋለሁ፤ እኔን ስታባብል የራሷን ዕንባ ትውጠዋለች። ቁሜ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ አንድ ነገር ብቻ እነግራታለሁ፦ እትዬ ሳዳ፣ ጥፋተኛዋ አንቺ አልነበርሽም። ከዚያ በኋላ የምትለኝን፣ ምንም ይሁን ምን፣ እሰማለሁ።