አባቴን ያስቀጣሁበት ሰፈር

«ልጅ እያለሁ» ብዬ መጻፍ ስጀምር እማዬ ከትከሻዬ በላይ አነበበችና ሳቀች። «አሁንስ ማን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ዞሬ ማየት ከቻልኩ ግን ትዝታ አለኝ ማለት ነው። ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበራችሁ እኩዮቼ ትረዱኛላችሁ። ሱዚ ስንዘል ውለን፣ ጉልበታችን አቧራ ለብሶ፣ «ነገ እኔ ነኝ ቀዳሚ» ተባብለን የምንለያይበት ጊዜ ነበር።

እኛ ሆመቾ እንኖር ነበር፣ አባዬ ደግሞ ሆሳዕና። መምህር ነው። ወደ ሆሳዕና ሲዛወር አንድ ክፍል ቤት ተከራየና በሳምንት አንዴ እየመጣ ያየን ጀመር። ወንድሜ ናታን ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አባዬ እጁን ሲዘረጋለት እንግዳ ይመስለውና እያለቀሰ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። አባዬ ይስቅ ነበር። ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል። የስምንት ዓመት ልጅ ብሆንም ያ ሳቅ ደስ እንደማይል ገብቶኝ ነበር።

እማዬ ከተማ ጠልታ አይደለም የቀረችው። ቃሏ አንድ ነበር፦ «እንሰት የማልተክልበት፣ አብራኝ የምትፍቅ ሴት የሌለችበት ቦታ ልጆቼን አላሳድግም።» በእኛ አገር እንሰት መፋቅ የአንድ ሴት ሥራ አይደለም። አንዷ ስትፍቅ የሰፈሩ ሴቶች ይመጡላታል፣ ተራቸው ሲደርስ እሷ ትሄዳለች። አያቴ «አብራሽ የፋቀች ስትታመሚ ጓዳሽን ሳትጠይቅ ታውቀዋለች» ትል ነበር። እማዬ ሰፈር የምትለካው በዚህ ነው። አባዬ የሚለካው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ ነው።

በጥር፣ በሴሚስተር እረፍት፣ ናታንን አያቴ ዘንድ ትተን ሦስታችን ቤት ልንፈልግ ሆሳዕና ገባን። ላምቦሬ የሚባል ደላላ ከመናኸሪያው ተቀበለን። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። መጀመሪያ አስፋልት ዳር ያለ ቤት አሳየን። አባዬ ፊቱ በራ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ የሚያልፉትን አይሱዙዎች አየችና «እዚህ ልጅ አይሮጥም» አለች። ሁለተኛው ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነበር፤ በተረከዟ መታ መታ አድርጋው ወጣች። ሦስተኛው ቦታው ሰፊ ነው፣ ከኋላው አፈር አለው። ነገር ግን ውሃ ልንጠይቅ የጎረቤት በር ብናንኳኳ ከውሻ በቀር የመለሰልን የለም።

ላምቦሬ መረረው። «እትዬ፣ ቆጮ እኮ ገበያው ሞልቷል!»

«ጎረቤትም ገበያ ላይ ይሸጣል?» አለችው።

አባዬ መሬት መሬት ያይ ነበር። በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ «እንግዲህ ዛሬ ካልተገኘ እስከ ክረምት እንደዚሁ ነው» ሲላት ሰማሁ። እስከ ክረምት! በጣቴ ወራቱን ቆጠርኩ። እስከዚያ ናታን ጭራሽ ይረሳዋል ብዬ አሰብኩ።

አራተኛው ቤት ወደ ሞርሲቶ መውጫ፣ የባጃጁ ሹፌር «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» ብሎ ካወረደን በኋላ ያለ ነው። ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት፣ ከኋላው ቁልቁል የሚወርድ ጥቁር አፈር፣ ከአፈሩ ወዲያ የሰው እንሰት። እማዬ ከባለቤቲቱ ጋር ማድ ቤቱን ልታይ ገባች። ላምቦሬ ግቢውን በእርምጃ እየለካ ለአባዬ ያወራል። እኔ በእንሰቱ መሃል ሽቅብ ቁልቁል ስል ሳቅ ሰማሁ፣ የብዙ ሴቶች ሳቅ። ከሳቁ ጋር የማውቀው ሽታ መጣ፤ አዲስ የተፋቀ እንሰት፣ እርጥብ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ቅጠሉን ገለጥ ባደርግ ስድስት ሴቶች ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ እግራቸውን መፋቂያው ጣውላ ላይ ሰቅለው ይፍቃሉ።

አገኘኋቸው! እማዬ የምትፈልጋቸው ሴቶች እነዚህ ናቸው! ሮጬ ሄድኩና የአባዬን እጅ ይዤ «ና፣ ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» እያልኩ ጎተትኩት።

ሆመቾ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን እኔም አውቅ ነበር፤ ሴቶች ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። ባል እንኳ በሩቁ ጉሮሮውን ጠርጎ በሌላ በኩል ነው የሚዞረው። በደስታዬ ግን ረሳሁት። አባዬም ወዴት እንደምወስደው አላወቀም። ቅጠሉን ገልጠን ስንወጣ መሃላቸው ነበርን።

«ወንድ! ወንድ መጣ!»

ስድስት ቀሚስ በአንዴ ወረደ። አባዬ የያዘውን የሰነድ ክላሰር ዓይኑ ላይ ለጠፈና እንደ ችግኝ ቆሞ ቀረ። አንዷ ያልተጨመቀ ቆጮ ዘግና ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«አገር የማያውቅ! የማን ቤት ነው ያደግከው አንተ?»

«ይቅርታ እናቶቼ፣ መምህር ነኝ» አለ አባዬ ከክላሰሩ ጀርባ።

«መምህር ከሆንክማ ባሰ!»

«ልጆቻችንን ይሄ ነው የሚያስተምርልን?»

ከኋላችን የመጣው ላምቦሬ ሁኔታውን አይቶ ሲሸሽ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባ። ያ የሚያብለጨልጭ ጫማ ዳግም አላብለጨለጨም።

መንገድ ዳር ስንደርስ አባዬ ሸሚዙን እየጠረገ «ይሄ ሰፈር አይሆንም» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሞት ነበር። «በየቀኑ በነዚህ ሴቶች ፊት እንዴት ነው የማልፈው?» እኔን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያለንን የመጨረሻ ቤት በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ ብዬ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

እማዬ የሆነውን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ወረደች። ጠበቅናት። ላምቦሬ ጫማውን በቅጠል ጠርጎ ጨረሰ። አባዬ ሰዓቱን ሦስቴ አየ፤ የሆመቾ መኪና ሊያመልጠን ነው። ከእንሰቱ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። የእማዬን ሳቅ ለየሁት።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ብቅ አለች። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኗል፣ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ እንደተቋጠረ ነው። ስትፍቅ ነው የቆየችው።

«ተቀጥተሃል» አለችው።

«ምን?»

«ቅቤ። በሚቀጥለው ሳምንት አተካና ሠርቼ ላበላቸው ነው። ቡላው ከነሱ፣ ወተቱ ከኔ፣ ቅቤው ካንተ።»

«ማነው የቀጣኝ?»

«ጎረቤቶችህ።»

አባዬ ሸሚዙ ላይ የቀረውን ቆጮ አራገፈ። ወደ ላምቦሬ ዞረና «ባለቤቲቱን ጥራልኝ» አለ።

የካቲት ሳይጋመስ ገባን። ሴቶቹ ለእማዬ ከየጓሯቸው የእንሰት ችግኝ ነቅለው አመጡላት። አባዬ ለዓመት ያህል በበራቸው ሲያልፍ «መምህር፣ ዓይንህን ከድን!» ይሉት ነበር። እሱም ክላሰሩን ያነሳላቸዋል።

ዛሬ ባጃጁ በራችን ድረስ ይመጣል፣ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። ከተማ ዳር የነበርነው መሃል ሆነናል። ከስድስቱ ሴቶች የሁለቱ ጓሮ ኪራይ ቤት ተሠርቶበታል፤ አንዷ ቆጮዋን ከገበያ ነው የምትገዛው። ትገዛና ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እማዬ ስትፍቅ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች። ባለፈው ወር አንድ ደላላ አዲስ ተጋቢዎች ይዞ መጣ። ኔትወርክ ጠየቁ፣ የውሃ ፈረቃ ጠየቁ፣ ከአስፋልት ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚኖር ግን አልጠየቁም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም።

ይሄን እየጻፍኩ ሳለሁ አባዬ ከሥራ ገባ። ከመሸ በኋላ ቤታችን ብርድ ነው። «እንደምን ዋላችሁ?» አለ። እማዬ ከማድ ቤት የሆነ ነገር መለሰች። እኔ «እ» አልኩ፣ ከወረቀቴ ቀና ሳልል። ያኔ አባዬን አይቶ ያለቅስ የነበረው ናታንም ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ በየቀኑ እንደሚለው፣ «አባዬ፣ በሩን ዝጋው እንጂ!» አለው።

አባዬ ዘጋው።