ከፎቶግራፉ ግርጌ የተጻፈው ቃል

ያሰሩኝ ክፍል ቀደም ሲል የእህል ማከማቻ ነበር። ከወለሉ ስንጥቅ የገብስ ብናኝ ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ ነቀዝ ይሄዳል። መስኮት የለውም፤ ከበሩ በላይ ክንድ የማያሾልክ ቀዳዳ ብቻ ነበር። የአርብ ገበያ ፖሊስ ጣቢያ ከዚህ የተሻለ እስር ቤት አልነበረውም። የተሻለ የመቶ አለቃም አልነበረውም።

የታሰርኩት ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉን የጻፍኩት ግን እኔ አልነበርኩም።

አባቴ በጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምሩ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለብቻዬ እያነበብኩ ተማርኩ። በቤታችን አንድ ሥርዓት ነበር። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እናቴ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች፤ አባቴ ይፈርዳሉ። እናቴ ፊደል አትለይም፤ ነገር ግን እንዝርቷ ከቆመ መጽሐፉ መልካም ለመሆኑ ሌላ ምስክር አንፈልግም ነበር። ደጋግመን የምናነበው ላይኛው ሳንቃ ላይ ይወጣል። የማይረባው በር አጠገብ ወዳለው ሣጥን ይወርዳል። አባቴ ፍርዱን በመጀመሪያው ቅጠል ግርጌ በአንድ ቃል ይጽፉታል፤ «ይውጣ» ወይም «ይውረድ»።

በታሰርኩበት ዓመት አንድ ትልቅ ሹም ስለ ገዛ ሥራው የምስጋና መጽሐፍ አሳተመና ማንበብ ለሚችል ቤት ሁሉ አደለ። ለእኛም ደረሰን። ማንበብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ገጽ የተነሣው ዓረፍተ ነገር እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ማሰሪያ አንቀጽ አላገኘም።

እናቴ እንዝርቷን ሳታቆም፣ «ልጄ፣ ሰውዬው ሊናገር ነው ወይስ ገና ጉሮሮውን እየጠረገ ነው?» አለች።

አባቴ ብዕራቸውን አንሥተው እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያው ቅጠል ግርጌ «ይውረድ» ብለው ጻፉ። በዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያው ቅጠል የጃንሆይ ፎቶግራፍ ነበር። ሦስታችንም ልብ አላልንም። እኛ የምናየው ጽሑፍ ነዋ!

ከወረዳ የመጣ አንድ ጸሐፊ ግን ልብ አለ። ለሌላ ጉዳይ ቤታችን ገብቶ ሣጥኑን አገላበጠ፤ የቀረበለትን ጠላ እስከ አተላው ጠጥቶ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች መጽሐፉን ፍለጋ መጡ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ደረታቸው ብርድ አይችልም ነበር።

የመቶ አለቃው በማግስቱ አስጠራኝ።

«ይውረድ ያልከው ማንን ነው?»

«መጽሐፉን ነው ጌታዬ።»

«መጽሐፍ እግር አለው?»

«ከሳንቃ ወደ ሣጥን ይወርዳል ማለቴ ነው።»

ሊያምነኝ አልፈለገም። የመቶ አለቃን ሻምበል የሚያሰኝ ወንጀለኛ በአርብ ገበያ በየሳምንቱ አይገኝም። ነገር ግን በዘጠነኛው ቀን ከሹሙ ዘንድ መልእክት መጣ። ጉዳዩ ዳኛ ፊት ከቀረበ መጽሐፉ በችሎት መነበቡ ነው፤ ይኼን ደግሞ ጌታው አልወደደም። አስተዋይነቱን ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

የመቶ አለቃው ብዕር ሰጠኝ። «ሰርዘህ ‹ይውጣ› ብለህ ጻፍና ሂድ።»

ቃሉን ከፎቶግራፉ ሥር በሐሳቤ አስቀምጬ አየሁት። «ጌታዬ፣ እሱስ አይብስም?»

በሩ ላይ የቆመው አሥር አለቃ ድንገት ሳል ያዘው። የመቶ አለቃው ቆይቶ ገባውና ፊቱ ቀላ።

«እንግዲያስ ‹መልካም ነው› ብለህ ጻፍ! አለዚያ ሽማግሌውን አስመጣለሁ። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ?»

ሁለት ቃል ነው። ባልጽፍ አባቴ በዚያ ብናኝ ላይ ሊያድሩ ነው። ብጽፍ ደግሞ ሲያስተምሩኝ የኖሩትን አንድ ነገር መካድ ነው፤ መጥፎውን መልካም ያለ ሰው ውሎ አድሮ መልካሙም ይጠፋበታል ይሉ ነበር።

«አንብቤ አልጨረስኩትም» አልኩት። «እስከ ነገ ይሰጠኝ።»

የተሸነፍኩ መስሎት ሰጠኝ። ቀዳዳው የሚያስገባው ብርሃን ግድግዳውን ሲዞር እኔም አብሬ እየዞርኩ ቀኑን ሙሉ አነበብኩ። ሳልዋሽ መልካም የምለው አንድ ገጽ ነበር የምፈልገው። ዝናቡ የዘነበው በሹሙ ነው፤ ገብሱ ያፈራው በሹሙ ነው። ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላሠራው ድልድይ ሦስት ገጽ አለ። ያን ወንዝ ሱሪዬን ሰብስቤ ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ ድልድይ የለበትም።

ሊመሽ ሲል የመጨረሻው ቅጠል ላይ ደረስኩ። እርማት ነበር። በግራ ስሕተቱ፣ በቀኝ ትክክሉ፤ ዐሥራ አንድ መስመር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስሕተት በስሙ የተጠራው እዚያ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከእርማቱ ሥር «ይህ መልካም ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ፎቶግራፉ ሥር ለምን አልጻፍክም?»

«ነውር መሆኑን ተማርኩ ጌታዬ።»

«አሁን ሰው ሆንክ» አለ። ከምን ሥር እንደጻፍኩ ልብ አላለም። የጣቢያው ጸሐፊ ቃሌን ገልብጦ ለሹሙ ላከ። መጽሐፉንም ላይኛው ሳንቃ ላይ እንዳኖረው ታዝዤ ተለቀቅኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ እግሬን እያጠበች አለቀሰች። አባቴ የሆነውን ሁሉ ሰሙ። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለው እርማቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሰባተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼን አንብበኸዋል?»

ሹሙ በጋይንት ላይ እንደ ፀሐይ «ሠረቀ» ይላል ጽሑፉ፤ ወጣ፣ አበራ ማለት ነው። እርማቱ ይኼን ትክክለኛ ቃል ስሕተት ብሎ «ሰረቀ» አድርጎታል።

«ንጉሡን ሠ አውርዶ እሳቱን ሰ ተካበት» አሉ አባቴ። «ሌባ አደረገው። አንተም መልካም ነው ብለህ ፈረምክበት።»

እናቴ በአንዱ ፊደልና በሌላው መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱኝ አለች። አስረዳኋት።

«ታዲያ ምኑ ነው ስሕተቱ?» አለች። «ከዚያ ሁሉ ገጽ አንዲት እውነት ብትገኝ ትጣሉባታላችሁ?»

አባቴ አልሳቁም። ለሳቸው ሹሙ ሌላ ነው፤ ፊደሉ ሌላ ነው።

ዛሬ ስለ እስራቴ የሚጠይቁኝ ሰዎች ተገርፈህ ነበር ወይ ይሉኛል። አልተገረፍኩም። የመቶ አለቃውን ፊት ረስቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ፊት የትም ሞልቷል። ሳላስተውል ያለፍኩትን ያን ሰባተኛ መስመር ግን አልረሳሁትም። ብርሃኑ ትንሽ ነበር ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ፊደሉን ለማየት ይበቃ ነበር።