የአምቢኮ መንገድና የጠበበኝ ጫማ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ መቅደስን ይዤ ደባርቅ ገበያ አጠገብ ካለ ጫማ ቤት ገባሁ። መቅደስ ለተራራ ተጓዦች አስጎብኚ ሆና ሥራ ልትጀምር ነው። አንድ ሰማያዊ ጫማ አጠለቀችና መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች።

«ጣቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል፤ ግን ሲረገጥ ይለቃል» አለችኝ።

ባለሱቁም «አዎ፣ ይለቃል» ብሎ አገዛት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እኔም እንደ እሷ ጫማ ስገዛ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነበር። ምደባዬ ከቧሂት ተራራ ማዶ፣ መኪና የማይገባባት አምቢኮ የምትባል መንደር ሆነች። ዳባት ብርድም ዳገትም ያለበት አገር ስለሆነ ተራራ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ያስተማሩት መምህር አየልኝ ከእረፍት ሲመለሱ ይዘውኝ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ደባርቅ ስንገናኝ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ የተጫማሁትን ስስ ሸራ ጫማ አዩና በቀጥታ ወደ ጫማ ቤት ወሰዱኝ።

ሁለት ጫማ ቀረበልኝ። አንዱ ሶሉ ወፍራም፣ ቡናማ፣ የወንድ የሚመስል ነው። ሌላው ጥቁር፣ ቀጠን ያለ፣ እግሬን የሚያሳምር። ጋሼ አየልኝ ቡናማውን አጥፈው ዘረጉት፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ፈተሹት።

«ዛሬ ስትራመጂ ስለዋልሽ እግርሽ አብጧል፤ ጫማ የሚለካው እንዲህ ሲሆን ነው። ወፍራም ካልሲ አድርጊ። ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ይሸሻል፤ ጣትሽ ጫፉን ከነካ ተይው» አሉኝ።

እኔ ግን ጥቁሩን ወድጄ አጠለቅሁት። ጣቶቼ እርስ በርስ ተጫጭነዋል።

«ይላወሳሉ ጣቶችሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ቁልቁል እግሬን አዩ። ውጪ የጭነት መኪናው ጥሩንባ ይነፋል፤ በዚያን ዕለት የእግር መንገዱ ወደሚጀምርበት ወደ ጨነቅ የሚወጣ ሌላ መኪና አልነበረም። ወደ መኪናው ወጡ። እኔም ጥቁሩን ገዝቼ ተከተልኳቸው።

ጨነቅ አደርንና በነጋታው ጎህ ሲቀድ በእግር ተነሳን። መስከረም እያለቀ ነበር። ሣሩ ረጥቧል፤ የጅብራ ተክሉ በጉም መሃል እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። የቧሂትን ዳገት ስንወጣ ብዙም አልተሰማኝም። ጫፉ ላይ ተቀምጠን በሶ በጥብጠን ጠጣን፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሥቃዩ የጀመረው ቁልቁለቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ አውራ ጣቴን በመዶሻ የሚመታው መሰለኝ። ካልሲዬ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ፤ ደም መሆኑን አውቄያለሁ። ጋሼ ፊት ፊት ይሄዳሉ። አፍሬ ጥርሴን ነክሼ ተከተልኳቸው።

እኩለ ቀን ላይ ደመናው ከሥር እየተነሳ መንገዱን ዋጠው። በስተግራ ገደል መኖሩን የማውቀው ከእግሬ የሚንሸራተት ጠጠር ወድቆ ወድቆ ድምፁ ሲጠፋ ነበር። የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት መላቀቅ ጀመረ። እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ጧ ጧ ይላል። ጎንበስ ብዬ በራስ መሸፈኛ ሻሼ ጠፍሬ አሰርኩት።

«ደህና ነሽ?» አሉ ጋሼ ከጉሙ ውስጥ።

«ደህና ነኝ።»

አሥር እርምጃ አልሄድኩም። ሻሹ ተፈታ፤ ሶሉ ድንጋይ ነክሶ ጣለኝ። ወደ ግራ ነው የወደቅሁት። ደረቴ መሬት ላይ ነው፤ እግሮቼ ግን አየር ላይ ናቸው። መጮህ አቃተኝ። ጋሼ ዞረው ዘለሉና የትከሻ ቦርሳዬን ማንገቻ ይዘው ወደ መንገዱ ወረወሩኝ። እኔ ተረፍኩ፤ የረገጡት አፈር ግን ከሥራቸው ተናደ።

አብረውት ወርደው ጉሙ ውስጥ ጠፉብኝ። ስማቸውን መጥራት ፈራሁ። ባይመልሱልኝስ?

«አለሁ» አሉ ከታች። «አትምጪ! እዚያው ሁኚ!»

በሆዴ ተስቤ አየሁ። ሁለት ሰው ቁመት ያህል ወርደው፣ አስታ ቁጥቋጦ አቅፈው፣ ጠረጴዛ በምታህል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በማይሆን አቅጣጫ ዞሯል።

«ወደ ላይ መመለስ ሩቅ ነው። ወደ ታች ውረጂ፤ ከሥር ያለውን ወንዝ ተሻግረሽ ሰው ጥሪ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጫማዬ...»

«አይቼዋለሁ። የኔን እወረውርልሻለሁ።»

የተሰበረ እግራቸውን ጫማ ሲያወልቁ ያሰሙት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጫማዎቹን አንድ በአንድ፣ ካልሲያቸውን ውስጡ ጠቅጥቀው ወረወሩልኝ። በደም የራሰውን ካልሲዬን ሳላወልቅ የሳቸውን ደረብኩበት። «ቁርጭምጭሚትሽ ጋ አጥብቂው፤ ተረከዝሽ ከተያዘ ጣትሽ ወደፊት አይሄድም!» እያሉ ከታች ይነግሩኛል። ለተማሪ ትምህርት የሚያስረዱ ነበር የሚመስሉት።

ብቻዬን ወረድኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከጉሙ ውስጥ ሲጮኹ የሳቸው ጩኸት እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ቆምኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ ውሃው ደፍርሷል፤ ላይ አገር ዘንቧል ማለት ነው። መሻገሪያ ድንጋዮቹ እየተሸፈኑ ነበር። ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ውሃው እየጨመረ መሆኑን ሳይ ግን ለቅሶውም ጊዜ እንደሚፈጅ ገባኝና ገባሁበት። እስከ ጉልበቴ ያዘኝ። ያ ወፍራም ሶል ድንጋዩን ቆንጥጦ አሻገረኝ።

ማዶ ዳገቱ ላይ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች አጥር ያጥራሉ። እየሮጥኩ ስደርስ የምናገረው አይያያዝም።

«እመቤቴ፣ ረጋ በይ። ማን ነው የወደቀው?» አለኝ ታላቅየው።

«መምህር አየልኝ።»

ስሙን ሲሰማ መጥረቢያውን ጥሎ ወደ መንደሩ ተጣራ። ወዲያው ሰዎች ገመድና ቃሬዛ ይዘው ወረዱ፤ ውሃውን ተያይዘው ተሻገሩ። እኔን ሴቶቹ ይዘው አስቀሩኝ። እንደዚያ ቀን ሰዓት ረዝሞብኝ አያውቅም። ጉሙ ገለጥ ባለ ቁጥር ማዶውን አያለሁ፤ ሰው አይታየኝም። ድንጋዩስ ተንዶ ቢሆን? እጃቸው ዝሎ ቢሆን?

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቃሬዛው መጣ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። «አዲሷ መምህርታችሁ ይቺ ናት። ወንዙን ብቻዋን ተሻግራ ነው ያተረፈችኝ» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ የአገሩ ወጌሻ እግራቸውን አሽቶ ካሰረላቸው በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ጫማው ጠቦኝ ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።»

«አውቄ ነበር። ገና ሱቁ ውስጥ ስትራመጂ አይቻለሁ። መኪናው እንዳያመልጠን ብዬ ዝም አልኩ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ብቻሽን አትሸከሚው» አሉኝ።

እግራቸው ዳነ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሲያነክሱ ኖሩ። አብረን ስድስት ዓመት አስተማርን።

ባለፈው ሳምንትም መቅደስን ሰማያዊውን አስወልቄ ሌላ ሰፋ ያለ አስለካኋት፤ የሱቁን ደረጃ ደጋግማ እንድትወርድ አደረግኋት። ስትስቅብኝ ቆየች። ወደ ቤት ስንመለስ ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ውሸቴን ጭምር። ከጋሼ ሌላ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። መሳቋን ተወች።

«ታዲያ አልተቀየሙሽም?» አለችኝ።

«በጭራሽ» አልኳት።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ዛሬም ቁልቁለት ፊት ስደርስ እቆማለሁ፤ ሰው ስላረጀሁ ይመስለዋል። እኔ ግን የማስበው ስለ ራሴ አይደለም። እዚያ ድንጋይ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ባዶ እግራቸውን ተቀምጠው፣ ልመለስ አልመለስ ሳያውቁ የጠበቁኝን ሰዓት ነው።